በአማርኛ የሚታዘዝ የጽሑፍ ጀብዱ ጨዋታ፦ የመተማና ገላባት መሻገሪያ እንደ ምሳሌ

የጽሑፍ ጀብዱ ጨዋታ ሥዕልም ድምፅም የለውም። ኮምፒዩተሩ አንድን ስፍራ በቃላት ይገልጻል፤ ተጫዋቹ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩም ውጤቱን ይነግረዋል። ዊል ክራውዘር ጀምሮት ዶን ዉድስ እ.ኤ.አ. በ1977 ያስፋፋው የመጀመሪያው የዋሻ ጨዋታ የሚቀበለው አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ በቅድሚያ ግስ፣ ቀጥሎ ስም። ይህ ሥርዓት ለእንግሊዝኛ በቂ ቢሆንም ለአማርኛ አይበቃም።

ለምሳሌ የመተማ ዮሐንስና የገላባት መሻገሪያ የጨዋታው ካርታ ሆኖ ይወሰድ። ድልድዩ፣ ኬላው፣ ገበያውና ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ «ክፍል» ይሆናሉ። ተጫዋቹ መንገድ ላይ ፋኖስ ቢያገኝ «ፋኖሱን አንሣ» ይላል፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «አንሣው» ብቻ ቢልም ትእዛዙ ምሉእ ነው፤ ታዛዡም የሚነሣውም ነገር በአንዲት ቃል ተጠቃለዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቃሉን ከመዝገብ ከመፈለጉ በፊት መፍታት ይኖርበታል። ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ የተሰኘው የቃል መተንተኛ ለዚህ መነሻ ይሆናል። «አንሣ» እና «አንሳ» እንደ አንድ ቃል እንዲቆጠሩም ሞክሼ ፊደላት አስቀድመው መዋሐድ አለባቸው።

ከዚህ የሚከብደው የአጠራር ጉዳይ ነው። የእንግሊዝኛው ተራኪ ተጫዋቹን በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራዋል፤ አማርኛ ግን «ደርሰሃል»፣ «ደርሰሻል»፣ «ደርሰዋል» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጥ መናገር አይችልም። መፍትሔው ግን ከራሱ ከችግሩ ይገኛል። «ሂጂ» ብላ የጻፈች ተጫዋች ስለ ጾታዋ ሳትጠየቅ መልሱ በሴት አንቀጽ ሊመጣላት ይችላል። «ይሂዱ» የሚለው ግን አክብሮትን እንጂ ጾታን አይገልጽም፤ «እሄዳለሁ» የሚልም አይጠፋም። ሰው በተፈጥሮው የትኛውን እንደሚጽፍ የሚታወቀው በሙከራ ብቻ ነው።

ሙከራው ኮምፒዩተር አያሻውም። አንድ ሰው በኮምፒዩተሩ ቦታ ተቀምጦ ከወረቀት እያነበበ ይመልሳል፤ ሌላው ይጫወታል፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ እንደ ተጻፈ ይመዘገባል። ፕሮግራሙ ያልገባውን ሁሉ «አልገባኝም» ብሎ ከሚያልፍ ይልቅ ይህ መዝገብ ሰዋስዉን ይወስናል። ጨዋታው በተራ ስልክ የሚላክ ከሆነ ሌላ ገደብ አለ፤ አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። የስፍራ ገለጻ በዚሁ ልክ መቆረጥ ይኖርበታል።

የቋንቋ ምርጫም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የትግራይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግረው ብዙዎቹ በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፍረዋል። ትግርኛ በብዙ ቁጥርም ወንድን ከሴት ይለያል፤ «ኪዱ» እና «ኪዳ» አንድ አይደሉም። የአማርኛውን ሰዋስው በቀጥታ ወደ ትግርኛ መገልበጥ ስሕተት ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ድንበር ለተሻገረ ሰው «አሁን ወዴት ትሄጃለሽ?» የሚለው ጥያቄ ጨዋታ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ካርታው ከስደት ይልቅ ገበያን ቢከተል፣ «ይብቃኝ» የሚለውም ቃል በማንኛውም ክፍል ቢሠራ ይመረጣል። ተጫዋች መውጣትን መለመን የለበትም።