የሁለት ቀን ቀረጻ፣ አንድ ሙሉ መጽሐፍ

የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በጃዝ ዓለም እጅግ ከተወደዱ አልበሞች አንዱ ነው። የተቀዳው እ.ኤ.አ. በ1959፣ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22፣ ኒውዮርክ ውስጥ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ አሽሊ ካን ስለዚህ አጭር ሥራ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ በ2000 አሳተመ።

የሁለት ቀን ቀረጻ እንዴት መጽሐፍ ይወጣዋል?

ካን አልበሙን ብቻ አልሰማም። የስቱዲዮውን የመጀመሪያ ቴፖች አዳመጠ፤ ተጀምረው የተቋረጡ ሙከራዎችና ሙዚቀኞቹ በየመሃሉ የተለዋወጧቸው ቃላት እዚያ ላይ አሉ። በሕይወት የቀረውን ብቸኛ የቡድኑን አባል፣ ከበሮ መቺውን ጂሚ ኮብን አነጋገረ፤ መቅድሙንም የጻፈው ኮብ ነው።

የዚህ አልበም ታሪክ የቴክኒክ ጉድም አለበት። በመጀመሪያው ቀን አንዱ መቅጃ ፍጥነቱ ትክክል ስላልነበረ፣ በሸክላው አንደኛ ገጽ ያሉት ሦስቱም ዜማዎች ከተጫወቱበት ቃና ጥቂት ከፍ ብለው ወጡ። አድማጭ ከ30 ዓመት በላይ እንዲያው ሲሰማቸው ኖሮ፣ ስህተቱ የታረመው በ1990ዎቹ ነው።

ኮብ በ2020 አርፏል። ስለሚወደው አልበም ለመጻፍ የሚያስብ ሁሉ፣ ዜማዎቹን የተጫወቱትን ሰዎች ዛሬውኑ ፈልጎ ያነጋግር።