እውነት ወይስ ተረት? የአሜሪካ ኮሌጅ ምሩቅ ዕዳ

«አሜሪካ ኮሌጅ የገባ ልጅ መቶ ሺህ ዶላር ዕዳ ሳይከመርበት አይወጣም» ሲባል ያልሰማ ሐበሻ የለም። ተረት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ከሚመረቁት ግማሽ ያህሉ ምንም ብድር የለባቸውም፤ የተበደሩትም በአማካይ 30 ሺህ ገደማ ነው ያለባቸው።

ለምን ቢሉ፣ በወላጁ ሥር ላለ ተማሪ የፌደራል መንግሥት የሚያበድረው በልክ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ 7,500 ዶላር። የአራት ዓመቱ ቢደመር 27,000 ነው፤ ጣሪያውም 31,000። እንግዲህ የጎረቤት ልጅ ለመጀመሪያ ዲግሪ መቶ ሺህ ገባበት ከተባለ፣ ወይ ከግል ባንክ ተበድሯል፣ ወይ ዕዳው የእሱ ሳይሆን የእናቱ ነው። «ፓረንት ፕላስ» የሚሉት ብድር የሚወጣው በወላጅ ስም ነው። ልጁ «ሥራ ስይዝ እከፍላለሁ» ቢል እንኳ ሕግ የሚያውቀው የፈረመውን ወላጅ ነው። መቶና ሁለት መቶ ሺህ የሚባለው ዕዳ በብዛት ያለው ሕግና ሕክምና ተምረው በወጡት ዘንድ ነው።

«ብዙ የተበደረ ይቸገራል» የሚለው ግን ከሁሉ የከፋው ተረት ነው። መክፈል አቅቷቸው ብድራቸው ከሚበላሽባቸው መካከል ብዙዎቹ የተበደሩት ከ10 ሺህ ዶላር በታች ነው፤ አብዛኞቹም ትምህርቱን ጀምረው ያቋረጡ ናቸው። ሐኪሙ ትልቁን ዕዳ በደመወዙ ይገፋዋል። ሁለት ሴሚስተር ተምራ የተወችው ልጅ ግን ዕዳው አለባት እንጂ ዲግሪው የላትም።

ውድ ትምህርት ቤት ሁሉ ዕዳ ያሸክማል ማለትም አይደለም። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከ2001 ጀምሮ ለተቸገረ ተማሪ በብድር ፈንታ የማይመለስ ድጎማ ይሰጣል። ይልቅ የሚያስፈሩት ለትርፍ የተቋቋሙት ኮሌጆች ናቸው።

ዲግሪው አንድ ቢሆንም ዕዳው በቀለም ይለያል። ብሩኪንግስ የተባለው የጥናት ተቋም በ2016 ባወጣው ጥናት ጥቁር ተመራቂዎች በምረቃቸው ቀን ከነጮች 7,400 ዶላር ያህል የበለጠ ዕዳ ነበረባቸው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ልዩነቱ ወደ 25,000 ተጠጋ። ወለዱ አለ፣ ለማስተርስ የሚጨመረው ብድርም አለ።

በ2025 የወጣው ሕግ ለአዲስ ተበዳሪ ወላጆች ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ፓረንት ፕላስን በአንድ ልጅ 65,000 ዶላር ላይ ገድቦታል። ያም ቢሆን ብዙ ገንዘብ ነው። ከመፈረምዎ በፊት «ተበዳሪ» በሚለው ቦታ የማን ስም እንደተጻፈ ይዩ።