ለደፋር ልጅ የሚሆነው ፈረስ የትኛው ነው?

እህቴ፣ የምትሠሪበት ቤት ልጅ ፈረስ ግልቢያ ጀምሯል እንበል። ፍርሃት የሚባል አያውቅም፤ ቤተሰቡም ድንክ ፈረስ ሊገዛለት አስቧል። ከፋዮቹ እነሱ ናቸው። ልጁን ይዘሽ ጋጣው ደጃፍ የምትቆሚው ግን አንቺ ነሽ፤ ቢወድቅ መጀመሪያ የምትጠየቂውም አንቺ ነሽ። ስለዚህ ምርጫው አንቺንም ይመለከታል።

ድንክ ፈረስ፣ በዐረብኛ «ሲሲ»፣ ትከሻው ላይ ሲለካ ከ148 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። ብዙ ወላጆች «ልጄ ደፋር ነው» ብለው ወጣትና ፈጣኑን ይመርጣሉ። ድፍረትና ችሎታ ግን ይለያያሉ። ያልለመደ ልጅ ባልተገራ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ከሁለቱ አንዱም የሚያስተምር የለም። ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚሻለው ዕድሜው 10 ዓመት ያለፈ፣ ሕፃናትን የለመደ ፈረስ ነው። ፈዛዛም መሆን የለበትም፤ ደፋር ልጅ ቶሎ ይሰለቸዋል። ሂድ ሲሉት የሚሄድ፣ ቁም ሲሉት የሚቆም ይሁን። ክብደቱም ይታሰብ፦ 200 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከ40 ኪሎ በላይ ባይሸከም ይመረጣል።

ማዳም ፈረሱን ለማየት ስትሄድ አብረሽ ከሄድሽ እነዚህን ጠይቂ፦ «ከም ዑምሩ?» ዕድሜው ስንት ነው? «ሃዲ?» ረጋ ያለ ነው? «ዪርፉስ?» ይራገጣል? «ዪዑድ?» ይናከሳል? ከልጁ በፊት አሠልጣኙ ይጋልበው። ሲጭኑትና ልጓም ሲያገቡለትም ተመልከቺ፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ ተቆጥቷል። አንቺም ከኋላው አትቁሚ፤ ገመዱን እጅሽ ላይ አትጠምጥሚ። ልጁ የራስ ቁር ሳያስር አይውጣ።

ከእንጅባራ አካባቢ ለመጣሽ ይህ አዲስ አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ሲሆን በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል። ከልጅነትሽ ያየሽውን ለመናገር አትፈሪ።

ፈረሱ አልሄድም ቢልስ? ሹመይሲ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ማቆያው ነው። አካባቢው ግን ጥንት ሑደይቢያ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ628 ነቢዩ ሙሐመድ ወደ መካ ሲጓዙ ግመላቸው ቀስዋ እዚያ ተንበርክካ አልነሳም እንዳለች ይተረካል። ሰዎች እልኸኛ ሆነች አሉ፤ እሳቸው ግን ጠባይዋ እንዳልሆነ ተናግረው እዚያው ሰፈሩ። ድንክ ፈረስም እንቢ ሲል ኮርቻው ቆርቁሮት፣ ሙቀቱ ከብዶት ወይም ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ልጁ በአለንጋ ከመምታቱ በፊት «ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ይህን የተማረ ልጅ ነው ጥሩ ጋላቢ የሚሆነው።

አንድ ነገር ካላማረሽ ልጁ ኮርቻ ላይ ሳይወጣ ለእናቱ ንገሪ። ገመዱን ይዞ ፈረሱን መምራት የአሠልጣኙ ሥራ ነው፤ ያዢ ቢሉሽም አሠልጣኙ እንዲመጣ ጠይቂ።