ላፕቶፑን አስረክበው ሄዱ፤ ፋይሉስ?

ዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር ግራንት ሲያገኙ ካሜራው የሚቀርጸው የፊርማውን ቀን ነው። ኃላፊዎቹ ይጨባበጣሉ፣ የገንዘቡ መጠን ይነገራል፣ ይጨበጨባል። ከዓመታት በኋላ ኦዲተር መጥቶ «የዚህን ወጪ ደረሰኝ አሳዩኝ» ሲል ግን ካሜራ የለም። ያኔ የምርምር ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ከቢሮ ቢሮ ይሮጣል።

ለምን ይሮጣል? የአንድ ግራንት ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለሚበታተን ነዋ። ውሉ ምርምር ጽሕፈት ቤት፣ ደረሰኙ ፋይናንስ፣ የዕቃው ሞዴል 19 ንብረት ክፍል፣ የሥልጠና ተሳታፊዎች ፊርማ ደግሞ ዋና ተመራማሪው መሳቢያ ውስጥ ነው። ለጋሹ «በጀቱን ማዛወር ትችላላችሁ» ብሎ የፈቀደበት ደብዳቤስ? እሱ ዶክተሩ የግል ኢሜይል ውስጥ ነው። ዶክተሩ ደግሞ ሥራ ለቀው ውጭ ሄደዋል።

«ፕሮጀክቱ አልቋል፣ አሁን ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ ሰነዱ የሚፈለገው ካለቀ በኋላም መሆኑ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ደንብ የግራንት ሰነድ በጥቅሉ የመጨረሻው የፋይናንስ ሪፖርት ከገባ በኋላ 3 ዓመት መቀመጥ አለበት። የአውሮፓ ኅብረቱ ሆራይዘን ዩሮፕ ከ60 ሺህ ዩሮ በላይ ለሆነ ግራንት የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ 5 ዓመት ይጠይቃል። 4 ዓመት የፈጀ ፕሮጀክት ከሆነ የመጀመሪያው ወር ደረሰኝ ቢያንስ 9 ዓመት መኖር አለበት ማለት ነው። ኦዲት ተጀምሮ ክርክር ከተነሳ ደግሞ እስኪያልቅ ይጠበቃል።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ማስረጃ ያልተገኘለት ወጪ ለለጋሹ እንዳልወጣ ነው የሚቆጠረው። ኬሚካሉ ተገዝቶ፣ ናሙናው ተመርምሮ፣ ጽሑፉ ታትሞ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ከሌለ ግን ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ያኔ ወጪ የተደረገ 1,000 ዶላር ዛሬ በዶላር ይመለስ ቢባል ከእጥፍ በላይ ብር ይፈልጋል። የአንዲት ደረሰኝ ዋጋ እንዲህ ይንራል። ገንዘቡ በየትኛው ቀን በስንት እንደተመነዘረ የሚያሳየው የባንክ ወረቀትም ከደረሰኙ እኩል መጠበቅ ያለበት ለዚህ ነው።

የእኛ አገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ላይ 05/05/2016 የሚል ቀን አለ እንበል። እኛ ጥር 5 ብለን እናነበዋለን፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 14 ቀን 2024 መሆኑ ነው። ብራስልስ ያለው ኦዲተር ግን «ሜይ 5 ቀን 2016» ብሎ ያነበዋል። ያኔ ፕሮጀክቱ አልታሰበም! ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ደረሰኝ ደግሞ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ውሎ አድሮ ይደበዝዛል። ቦክስ ፋይሉ ሲከፈት የሚገኘው ነጭ ወረቀት ነው።

መፍትሔው ውድ ሶፍትዌር አይመስለኝም። ለእያንዳንዱ ግራንት አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩ ውሉም፣ የግዢ መጠየቂያውም፣ ደረሰኙም፣ ሞዴል 19ኙም ላይ ይጻፍ። ደረሰኝ በገባበት ሳምንት ስካን ይደረግ፣ ሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይመዝገብበት። የፋይሉ ስም «ፋይናል» እና «ፋይናል አዲሱ» መሆኑ ቀርቶ ቁጥርና ቀን ይሁን። ከለጋሹ ጋር የሚደረግ ደብዳቤ ሁሉ በጽሕፈት ቤቱ ኢሜይል ይለፍ። ቅጂው ከአንድ ኮምፒውተር ውጭም ይቀመጥ። ወረቀቱ የት እንዳለና እስከ መቼ እንደሚጠበቅ የሚያሳይ አንድ የኤክሴል ዝርዝር ደግሞ ማንም ሊሠራው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሰውን ማስገደዱ ነው። ተመራማሪው ሥራ በዝቶበታል፤ የፋይል ነገር የጸሐፊ ሥራ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግን ጥሩ መሣሪያ በእጃችን አለ፦ ክሊራንስ። አንድ መምህር ሲለቅ ላፕቶፑንና የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ሳያስረክብ ክሊራንስ አያገኝም። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የተንቀሳቀሰበትን የፕሮጀክት ሰነድስ ለምን አይጠየቅም? በክሊራንስ ቅጹ ላይ «የምርምር ጽሕፈት ቤት» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር፣ ፋይሉ ተሟልቶ ሳይቆጠር ፊርማ ባይኖር፣ ብዙ ሩጫ ይቀራል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም በዚያው መንገድ ናቸው። ከመንግሥት በጀት ውጭ ገቢ መፈለግ ግዴታ እየሆነ ነው። ቀጣዩን ግራንት የሚሰጥ ድርጅት ደግሞ ያለፈው እንዴት እንደተያዘ ማየቱ አይቀርም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። የሚወረሰው ግን ሲፈለግ ከተገኘ ነው።