ሞተር በግቢ ሲወርድ

ከመተሐራ ወደ አዳማ የሚመጣ የጭነት መኪና ከ950 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ከ1,600 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ሙቀትና ዳገት ውሃ የጎደለበት ሞተር ይግላል፤ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ቴስታታም ይጣመማል። ያም ሆኖ በአዳማ፣ በሞጆና በባቱ ለሚነዳ መኪና ከሙቀቱ ይልቅ አቧራውን እፈራለሁ። የስምጥ ሸለቆው አፈር የእሳተ ገሞራ አመድ ስላለበት ደቃቅና እንደ ሞረድ የሚበላ ነው። የአዳማን የንፋስ ኃይል ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ንፋስ ይህንኑ አቧራ ያነሳዋል፤ የተቀደደ የአየር ማጣሪያ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ያስገባዋል።

በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባት ተወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ያለውን ሞተር አድሶ መንዳት የግድ የሆነባቸው ብዙ ናቸው።

የቶዮታ 3ኤል ናፍጣ ሞተርን እንውሰድ። አራት ሲሊንደር አለው፤ የእያንዳንዱ ስፋት 96 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞም 96 ሚሊሜትር ነው። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ፣ ዘይት ከበላና የዘይት ክዳኑ ሲከፈት ጭስ ከተፋ ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ ማለትም ፋሻው፣ አልቋል ማለት ነው። ቴስታታው ከተነሳ በኋላ ጥፍርን በሲሊንደሩ የላይኛው ጫፍ ላይ ማንሸራተት ነው። ጥፍሩን የሚያደናቅፍ እርከን ካለ፣ ፋሻው የማይደርስበት ጠርዝ ሳይበላ ቀርቶ ከበታቹ ያለው ግድግዳ ተበልቷል። ምን ያህል እንደተበላ የሚያሳየው ግን መለኪያ ብቻ ስለሆነ ብሎኩ ቶርኖ ቤት ይሂድ። እዚያ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ተለክቶ ይሰፋል፤ 0.50 ሚሊሜትር የሰፋ ፒስተን ይገዛለታል። ሳይለኩ በተበላ ሲሊንደር አዲስ ፋሻ መክተት ገንዘብ ማባከን ነው።

መፍታቱ በግቢ ይሁን። ፒስተኑን ከክራንክ ዘንጉ ጋር የሚያገናኙት የቢየላዎቹ ክዳኖች ግን እንዳይቀያየሩ ገና ሲፈቱ ምልክት ይደረግባቸው። መግጠሙ በሩ በተዘጋና ወለሉ በታጠበ ክፍል ይሁን፤ አሮጌውን ሞተር የገደለው አቧራ አዲሱንም አይምርም። ፋሻው ፒስተኑ ላይ ከመግባቱ በፊት ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ይግባና የጫፎቹ ክፍተት ይለካ። ክፍተቱ ካነሰ ብረቱ ሲግል ጫፎቹ ይገናኛሉ፤ ፋሻው ይሰበራል፤ ግድግዳውንም ይቧጭራል። የቴስታታ ቡሎኖች ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው ይጠበቃሉ።

ሞተሩ ተገጥሞ ሥራ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያውን ዘይት 1,000 ኪሎሜትር ሳይሞላ ለውጡ። የአየር ማጣሪያውን ደግሞ በየሳምንቱ ከፍታችሁ እዩት።