የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪዋን የእሳት ራት መለየት



ነጣ ያለ ዱካ የታየበት የቲማቲም ቅጠል ሁሉ የቱታ አብሶሉታ ሰለባ አይደለም። ይህች የደቡብ አሜሪካ የእሳት ራት በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን ገብታ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. አገራችን ከደረሰች ወዲህ ግን ዱካ ባየን ቁጥር እርሷን መክሰስ ለምደናል።

ሊሪዮማይዛ የተባለው ዝንብ እጭም ቅጠል ይሰረስራል። የእርሱ ዱካ ጠባብና ጥምልምል ሲሆን፣ የእሳት ራቷ እጭ የሚቦረቡረው ሰፊ ስፍራ ነው። ችግሩ፣ ገና የተፈለፈለው የእሳት ራት እጭም በቀጭን መስመር መጀመሩ ነው። ስለዚህ እኔ ዱካን አላምንም፤ ቅጠሉን በመርፌ እከፍታለሁ። የዝንቡ እጭ እግርም ሆነ የተለየ ራስ የለውም፤ የእሳት ራቷ እጭ ሁለቱም አሉት፤ ከራሱ ኋላም ጠባብ ጥቁር ቅስት ይታያል።

ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል። ዝንቡን የእሳት ራት ነው ብሎ ብዙ ነፍሳት የሚገድል መድኃኒት የረጨ ገበሬ፣ ዝንቡን የሚያጠቁትን ጥገኛ ተርቦች ይፈጃል፤ ዝንቡም ይበረክታል።

እንቁላሏ ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። እጩ በአራት እርከኖች አድጎ 8 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ አፈር ውስጥ፣ አንዳንዴም እዚያው ቅጠሉ ላይ ፑፓ ይሆናል። ግራጫዋን ጎልማሳ ከዘመዶቿ በእርግጠኝነት ለመለየት ግን የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል።