ዳገቱን የሚያውቅ ሞተር

«ወዴት ወዴት ነው የሚሄዱበት? ምንስ ይጭኑበታል?» በደብረ ማርቆስ የሚሠራ አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ደንበኛውን የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱን በእርሳስ በደብተሩ ያሰፍራል። «አሳምርልኝ» ብሎ ለመጣም፣ «ወገቤን አመመኝ» ብሎ ለመጣም ጥያቄው አይለወጥም።

ባለፈው ክረምት አንድ የእንስሳት ሐኪም መጡ። መንገዳቸው በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ ነው፤ ጭነታቸው ክትባት የያዘ የበረዶ ሣጥን። «ወንድሜ፣ መቀመጫው ጨረሰኝ፤ ወፍራም ስፖንጅ ጨምርበት» አሉት። «ዶክተር፣ እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡበት» አለና ራቅ ብሎ ተመለከታቸው። ክንዳቸው እስከ መጨረሻው ተዘርግቷል፤ ጀርባቸው ጎብጧል። ሕመሙ የመነጨው ከመቀመጫው ሳይሆን ከመሪው ርቀት ነበር። መሪውን ወደ እሳቸው መለሰው፤ ከሥሩም ብረት አስገብቶ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረገው። ከዚያ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ገመድ እንዳይወጠር መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥጉ አዙሮ አየ። ይህን የሚዘነጋ ሰው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ራሱ ሲይዝበት ያገኘዋል።

ስፖንጁን ግን አልጨመረም። ለስላሳ ስፖንጅ ለግማሽ ሰዓት ይጥማል፤ ከዚያ ይሟሽሽና ሰውየውን ብረቱ ላይ ያስቀምጠዋል። በምትኩ ጠንከር ያለውን መርጦ በላዩ አጎዛ አለበሰው። የበግ ጠጉር በሰውነትና በመቀመጫው መካከል አየር ያሳልፋል፤ ላብ አያስቀምጥም፤ ለደጋው ብርድም ሙቀት ነው። የጎጃም ፈረሰኛ ይህን ያወቀው ሞተር ሳይክል ወደ አገሩ ከመግባቱ በፊት ነው።

ጭነቱ ሌላ ታሪክ አለው። መካኒኩ ሥራ በጀመረበት ዘመን ለአንድ ወጣት ከቶንዲኖ ብረት ረዥም የዕቃ መጫኛ በየደለት። መጫኛው ከኋላው ጎማ አልፎ ወደ ውጭ የወጣ ነበር፤ ያኔ ሲታይ ያምራል። ልጁ ሁለት ጀሪካን ጭኖ ዳገት ሲወጣ የፊት ጎማው መሬቱን ለቀቀና ወደቀ፤ ክንዱም ተሰበረ። መካኒኩ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ዛሬም ሳይሸሽግ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጎ በጎንና በጎን፣ ከኋላው ጎማ እምብርት ወደ ፊት ያስቀምጣል። ያማሃ «ኤጂ» ብሎ ለግብርና ሥራ የሠራቸውን ሞተሮች የሚወዳቸውም ለዚህ ነው። ከፊትም ከኋላም መጫኛ አላቸው፤ ካቴናቸው ከጭቃ ተሸፍኗል፤ በግራም በቀኝም የሚቆሙበት እግር አላቸው። የሠራቸው ሰው ገበሬውን አስቀድሞ የጠየቀ ይመስላል።

ጉልበትን በተመለከተ ደብረ ማርቆስ የራሷ ሕግ አላት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ባለ ካርቡራቶር ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚሁ ያጣል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ነዳጅ ይባክናል። መድኃኒቱ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ ጠበብ ባለች መለወጥ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሞተር ነገ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል። ለጮቄ ስስ አየር የተስተካከለ ሞተር በዚያ ወፍራም አየር ቤንዚን ያንሰዋል፤ ፒስተኑ ሊግል፣ ሊነክስም ይችላል። ስለዚህ ወደ ዓባይ ለሚወርድ ሰው ከተማው ላይ በቂ ከሆነው በላይ አያጠብለትም። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድንም አጥብቆ ይከለክላል፤ ፍሬኑ ብቻውን ያን ቁልቁለት አይችለውም።

ለዳገት ርካሹ መላ የፊቱን የካቴና ጥርስ መቀነስ ነው። ከ15 ወደ 14 ሲወርድ ፍጥነቱ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ የመጎተት አቅሙ በዚያው ልክ ይጨምራል።

ወጣቶቹ አብዝተው የሚጠይቁት ግን ድምፅ ነው፤ «ማርሚታውን ቁረጥልኝ» ይላሉ። በባለ ሁለት ምት ሞተር ማርሚታው የጭስ ማውጫ ብቻ አይደለም። ቅርጹ የጭሱን ግፊት መልሶ ስለሚልክ ሊያመልጥ የነበረው ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። የተቆረጠ ማርሚታ ይጮኻል እንጂ አይጎትትም። መካኒኩ ይህን ለማስረዳት ጊዜውን አይሰስትም። ውበት ከፈለጉ የአዊ ፈረሰኞችን ያሳያቸዋል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሶቹ አጊጠው ሲወጡ ጌጡ የፈረሱን እርምጃ አያውክም። ሞተር ሳይክልም እንዲሁ ቀለም፣ መስታወት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ይችላል።

ጋላቢው የሚፈልገውን ፋብሪካው ዘግይቶ የሚያውቅበት ጊዜም አለ። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የተባለውን ሞተር ሳይክል በ1974 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሲያሳይ የንፋስ መከላከያም የዕቃ ሣጥንም አልነበረውም። ረጅም መንገድ የሚጓዙ አሜሪካውያን ክሬግ ቬተር የተባለው ባለሙያ የነደፈውን «ዊንድጃመር» የተሰኘ መከላከያ እየገዙ ገጠሙለት። ሆንዳ በ1980 መከላከያና ሣጥን ከፋብሪካው የተገጠመለትን ጎልድ ዊንግ አወጣ።

ሐኪሙ በጥቅምት ተመልሰው መጡ። ወገባቸው ደኅና ነው፤ ችግሩ ኮረኮንቹ ሣጥኑን እያንገጫገጨ ብልቃጦቹን ማጋጨቱ ነበር። መካኒኩ ያረጀ ከመነዳሪ ቆርጦ ከሣጥኑ ሥር አራት ቦታ ደረበለት፤ የኋላውንም የአሞርዛተር ሞላ ጭነቱ ቀላል ስለሆነ አንድ ደረጃ አላላው። ከዚያ ደብተሩን ገለጠና በሐኪሙ ስም ሥር «ብልቃጥ» ብሎ ጨመረ።